ስለ ብርቱ አለርጂ፤ እንዴት እንደሚታወቅና ምን እንደሚደረግለት



በተማሪዎች ገጽ ላይ ስለ ጤና ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ስለ ጨጓራ፣ ስለ ታይፎይድ ወይም በፈተና ሰሞን ስለሚጠፋው እንቅልፍ ነው። እኛ ዛሬ የምንጽፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ፈጣን ስለ ሆነ ሕመም ነው፤ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው እስትንፋስ አንዳንድ ጊዜ አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንኳ አይፈጅም። ይኸውም ሐኪሞች አናፊላክሲስ የሚሉት ብርቱ አለርጂ ነው። ለመጻፍ ያነሣሣን የመጽሐፍ ፍቅር ብቻ አይደለም። በገዛ ክፍላችን ደርሶብን፣ ባለማወቅ አጥፍተን፣ በኋላም ጠይቀንና አንብበን ስለ ተማርነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ሰሜስተር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ አንዱ የክፍል ጓደኛችን ጉሮሮውን አሞት ስለ ነበር ከጎረቤት ክፍል አንድ ፍሬ አሞክሳሲሊን ተበድሮ ዋጠ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መዳፉንና እግሩን ያክ ጀመር። ከዚያም አንገቱና ደረቱ ሳማ እንደ ለበለበው ሆነ፤ ከንፈሩም አበጠ። ከመካከላችን አንዱ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ይፈለግ» አለ፤ ሁለተኛው ሎሚ ሊያመጣ ወረደ፤ ሦስተኛው በግድ ውኃ አጠጣው። ጓደኛችን ግን ድምፁ እየጎረነነ ሄደ፤ ሆዱን ቈረጠውና አስታወከ፤ «የምሞት ይመስለኛል» አለን። በዚህ ጊዜ ደነገጥንና ግራና ቀኝ ክንዱን በትከሻችን አድርገን ከአራተኛ ፎቅ በደረጃ እናወርደው ጀመር። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ዐይኑ ተገለበጠና በእጃችን ላይ ዝልፍልፍ አለ። እኛም «በርታ፣ ቁም!» እያልን እንደገና ልናቆመው ስንታገል፣ ጩኸታችንን ሰምተው የወጡት የሕንፃው ዘበኛ፣ «ልጆቼ፣ አስተኙት እንጂ! ምን ያቆመዋል?» ብለው ተቆጡን። በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ አራት ሆነን፣ አጋድመን ተሸክመን ክሊኒክ አደረስነው። መርፌው ጭኑ ላይ ከተወጋ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ዐይኑን ገለጠ። ዛሬ በሕይወት አለ፤ ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበው እርሱ ነው።

ያ አባባ የሕክምና ትምህርት አልተማሩም። ነገር ግን ያን ሌሊት ከሁላችንም ይልቅ ትክክል የነበሩት እርሳቸው ናቸው። ምክንያቱን ለማስረዳት ወደ ነገሩ ሥር መሄድ ያስፈልጋል።

አናፊላክሲስ የሚለው ቃል የወጣው በ1902 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ነው። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ቀደም ባለው ዓመት በሞናኮው ልዑል በቀዳማዊ አልበርት መርከብ ላይ ስለ ባሕር እንስሳት መርዝ ማጥናት ጀምረው ነበር። ወደ ፓሪስ ከተመለሱ በኋላ ሙከራቸውን በውሾች ላይ ቀጠሉ። ሐሳባቸው ውሻውን በጥቂት በጥቂቱ መርዝ አለማምዶ እንዲቋቋም ማድረግ ነበር። ኔፕቲዩን የተባለው ጠንካራ ውሻ መጀመሪያ ሲወጋ ምንም አልሆነም። ከሦስት ሳምንት በላይ ቈይቶ ያንኑ የሚያህል ትንሽ መጠን ሲሰጠው ግን ወዲያው መተንፈስ አቃተው፤ አስታወከ፤ ወደቀ፤ በ25 ደቂቃም ሞተ። መለማመድ ይጠብቀዋል ሲሉ መለማመዱ ገደለው። ስለዚህ ሪሼ ለመጠበቅ ተቃራኒ የሚሆን ስም ከግሪክ ቋንቋ ፈጠረለት። ለዚህም ሥራው በ1913 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አለርጂ የሚለውን ሰፊውን ቃል ደግሞ በ1906 እ.ኤ.አ. ያወጣው ክሌሜንስ ፎን ፒርኬ የተባለው የቪየና ሐኪም ነው።

የኔፕቲዩንን ታሪክ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። ጓደኛችን ክኒኑን ከመዋጡ በፊት ከእኛ አንዱ «ይስማማሃል ወይ?» ብሎ ጠይቆት ነበር። እርሱም «ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ወስጄው ምንም አልሆንሁም» ሲል መለሰ። እኛም ይህን እንደ ዋስትና ቈጠርነው። ዋስትና ግን አይደለም። ሰውነት አንድን ነገር በጠላትነት የሚመዘግበው ቀደም ሲል ሲያገኘው ነውና፣ ያለ ችግር ያለፈው ጊዜ ራሱ ለኋለኛው አደጋ መሰናዶ ሊሆን ይችላል።

ምዝገባው የሚከናወነው አይጂኢ በሚባል የደም ፕሮቲን አማካይነት ነው። ይህን ፕሮቲን በ1966 እና በ1967 እ.ኤ.አ. ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኢሺዛካዎች በአሜሪካ፣ ዮሐንሶንና ቤኒክ ደግሞ በስዊድን፣ በየበኩላቸው አገኙት። አይጂኢ በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ውስጥ በተበተኑ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ያ የተመዘገበው ነገር ሲመጣ ሕዋሳቱ ውስጣቸው ያከማቹትን ሂስታሚንና ሌላ ሌላውን ኬሚካል ባንድ ጊዜ ይዘረግፉታል። ያን ጊዜ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ እንደ አሮጌ ስልቻም ያንጠባጥባሉ። በብርቱ አለርጂ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከደሙ ፈሳሽ ሲሶ ያህሉ ከሥሮቹ ውጪ ሊፈስ እንደሚችል ሐኪሞች ለክተዋል። አንድ ጠብታ ደም መሬት ሳይነካ ሰውየው ደሙ እንደ ፈሰሰ ቁስለኛ ይሆናል ማለት ነው። በዚሁ ላይ የሳንባ ቧንቧዎች ይጠብባሉ፤ ጉሮሮም ያብጣል።

እንግዲህ አባባ ለምን ትክክል እንደ ሆኑ ከዚህ ይታያል። በሥሮቹ ውስጥ የቀረው ጥቂት ደም ሰውየው ሲቆም ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ወደ ልቡ የሚመለስ ይጠፋል፤ ባዶ ልብም ደጋግሞ ቢመታ የሚረጨው የለውም። በእንግሊዝ አገር በአለርጂ የሞቱትን ሰዎች ታሪክ መርምሮ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ከተኙበት ቀና በተደረጉ በሰከንዶች ውስጥ ሕይወታቸው ያለፈ ሕመምተኞች እንደ ነበሩ አመልክቷል። እኛ ደግሞ ጓደኛችንን ሁለት ፎቅ ሙሉ አቁመን አወረድነው! በተለይ «ተሻለኝ፣ ሽንት ቤት ልሂድ» የሚል ሕመምተኛ እንዳያታልላችሁ። ማስታወክና ሆድ ቁርጠት ራሱ የሕመሙ ክፍል ስለ ሆነ ሽንት ቤት የሚል ብዙ ነው፤ ባልዲ አምጡለት እንጂ አታስነሡት።

አተኛኘቱ ይህ ነው። በጀርባው አጋድሞ እግሩን በትራስ ወይም በቦርሳ ከፍ ማድረግ። ትንፋሽ አጥሮት መጋደም ካልቻለ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መሬት ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ፤ ወንበር ላይ ግን አይሆንም። ራሱን ከሳተ ወይም የሚያስታውክ ከሆነ በጐኑ፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች በግራ ጐኗ።

አሁን ወደ ምልክቱ እንለፍ። ብዙ ሰው አለርጂ ሲባል ሽፍታ ብቻ ያስባል። ሽፍታ ብቻውን፣ የቱንም ያህል ቢያሳክክ፣ ብርቱው አለርጂ አይደለም። የሚያስፈራው ከቆዳ አልፎ ወደ ትንፋሽ፣ ወደ ደም ዝውውር ወይም በብርቱ ወደ ሆድ ሲገባ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው መድኃኒት ከወሰደ፣ ከበላ ወይም ንብ ከነደፈችው በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሰውነቱ ተለብልቦ ወይም ፊቱ አብጦ፣ በዚያው ላይ ድምፁ ከጎረነነ፣ ምራቁን መዋጥ ካቃተው፣ ደረቱ ሲር ሲር ካለ፣ ካዞረው ወይም ደጋግሞ ካስታወከ ሌላ ማስረጃ አይጠበቅም። ከመቶ ሕመምተኞች ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ላይ ደግሞ በቆዳቸው ምንም ነገር አይታይም። የታወቀ አለርጂ ያለበት ሰው ያን የማይስማማውን ነገር አግኝቶ በድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከወደቀ፣ ሽፍታ እስኪወጣ መጠበቅ ስሕተት ነው። «የምሞት ይመስለኛል» የሚለውንም ንግግር እንደ ፍርሃት አትቍጠሩት፤ በሕክምና መጻሕፍት ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ተመዝግቧል።

በአገራችን ምልክቱን የሚሸፍኑ ስሞች ብዙ ናቸው። ከንፈር ሲያብጥ ምች ይባላል። ሰው በገበታ ላይ እየበላ በድንገት ታሞ ሲወድቅ ደግሞ «ቡዳ በላው» የሚል አይጠፋም፤ ምናልባት ከእነዚህ አንዳንዱ የምግብ አለርጂ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን፤ ይህ የእኛ ግምት ነው። ተማሪው ደግሞ የራሱ ስም አለው፤ አስም ነው፣ ጭንቀት ነው፣ ባዶ ሆድ ነው ይላል። ተራ ራስ መሳት ሲሆን ሰውየው ይገረጣል፤ የልቡ ትርታም ብዙ ጊዜ ዝግ ይላል፤ ሲያጋድሙትም ወዲያው ይነቃል። በብርቱ አለርጂ ግን ትርታው ይፈጥናል፤ ማጋደም ብቻውንም አያነቃውም። አስም ያለበት ሰው የሚያሠጋው በይበልጥ ነው፤ የምግብ አለርጂ እንዳለበት የሚታወቅ ሰው በድንገት ትንፋሹ ቢታፈን ቅድሚያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፤ የአስሙ መርጫ ቀጥሎ ይመጣል።

አድሬናሊን ስንል ዋናውን ነገር አነሣን ማለት ነው። ጃፓናዊው ዮኪቺ ታካሚኔ በ1901 እ.ኤ.አ. አጥርቶ ካወጣው ወዲህ ለዚህ ሕመም ከእርሱ የሚቀድም መድኃኒት አልተገኘም። የሰፉትን ሥሮች ያጠብባል፤ የጠበቡትን የሳንባ ቧንቧዎች ይከፍታል፤ ልብን ያበረታል፤ ማስት ሴሎችም የቀረውን እንዳይዘረግፉ ያግዳል። የሚወጋው በጭን መካከል በውጭ በኩል፣ ጡንቻ ውስጥ ነው። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊግራም ሆኖ ለአዋቂ ከ0.5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ይኸውም 1 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር ከያዘው ተራ አምፑል ግማሹ ማለት ነው። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ይህን የምንነግራችሁ መርፌ ይዛችሁ እንድትዋጉ አይደለም። ያልሠለጠነ እጅ አምፑልና መርፌ አይንካ፤ በተለይ በደም ሥር መስጠት ለልብ አደገኛ ስለ ሆነ የባለሙያ ሥራ ነው። የምንነግራችሁ ክሊኒክ በር ላይ ስትደርሱ «ጓደኛችን ታሟል» ከማለት ይልቅ «ብርቱ አለርጂ ነው፣ አድሬናሊን ያስፈልገዋል» ብላችሁ እንድትናገሩ ነው።

በአሜሪካና በአውሮጳ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች በኪሳቸው የሚይዙት፣ በልብስ ላይ እንኳ ጭን ላይ ተጭኖ የሚወጋ እስክሪብቶ መሰል መርፌ አለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአፍንጫ የሚረጭ አድሬናሊን በአሜሪካ ተፈቅዷል። በእኛ ከተማ ፋርማሲዎች እነዚህ በቀላሉ አይገኙም፤ ሆኖም ከውጭ ዘመድ የላከለት ወይም ይዞት የመጣ ተማሪ ካለ፣ አብረውት የሚኖሩት ጓደኞቹ የት እንደሚያስቀምጠውና እንዴት እንደሚወጋ ደኅና ሳለ ይጠይቁት።

ስለ ሌሎቹ መድኃኒቶች ባጭሩ እንናገር። ፀረ ሂስታሚን ክኒን ማሳከኩን ያስታግሣል፤ የተዘጋ ጉሮሮ ግን አይከፍትም፤ የወረደ የደም ግፊትም አያነሣም። ሃይድሮኮርቲዞንም ሥራው በሰዓታት የሚቈጠር ነው። ሁለቱም ከአድሬናሊን በኋላ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ከእርሱ በፊት ሲሰጡ ግን ጊዜ ይበላሉ። ጊዜው ደግሞ እጅግ አጭር ነው። ከላይ የጠቀስነው የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ በሞቱት ሰዎች ላይ ልብ ወይም ትንፋሽ እስኪቆም ያለፈው መካከለኛ ጊዜ በምግብ 30 ደቂቃ፣ በንብና በተርብ ንድፊያ 15 ደቂቃ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ በተሰጠ መድኃኒት 5 ደቂቃ ሆኖ ተገኝቷል። ሎሚ ፍለጋ የወረደው ጓደኛችን ወደ ክፍሉ የተመለሰው በስንት ደቂቃ እንደ ሆነ አልለካንም፤ ሲመለስ ግን እኛ አልነበርንም።

ስለዚህ አንዱ ሕመምተኛውን ያጋድም፤ ሁለተኛው ይደውል፤ ሦስተኛው ሮጦ ክሊኒኩን ያንቃ፤ ባለሙያውና መድኃኒቱ ወደ ሕመምተኛው ቢመጡ ይመረጣል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። የግድ መጓጓዝ ካለበት እንደ ተጋደመ በብርድ ልብስ ወይም በፍራሽ ይወሰድ። ምግብም መጠጥም በአፉ አይግባ። ትንፋሹ ከቆመ ደረቱን መጫን ይጀመራል። ከተሻለው በኋላም ብቻውን ወደ ዶርም አይመለስ፤ ሕመሙ አንዳንድ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ያለ አዲስ ምክንያት ይመለሳልና ሐኪም ቤት ቆይቶ መታየት አለበት።

በግቢያችን ምን ምን ያሠጋናል? ከሁሉ በፊት መድኃኒት መበዳደር። አሞክሳሲሊን፣ ኮትሪሞክሳዞል፣ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን በየመሳቢያችን ሞልቷል፤ ከመጽሐፍ ይልቅ ክኒን መዋስ ቀላል ሆኗል። ቀጥሎ ንብ ናት። ንብ ነድፋ እሾኳን ትታ ስትሄድ የመርዙ ከረጢት አብሮ ስለሚቀር፣ በጥፍርም ይሁን በመታወቂያ ካርድ ጠርዝ በፍጥነት ማውጣት ነው፤ ከዘዴው ይልቅ ፍጥነቱ ይጠቅማል። አንድ ንድፊያ የነካውን እጅ ብቻ ቢያሳብጥ ብዙ አያሳስብም። ከንድፊያው ርቆ ሰውነት ሁሉ ከተለበለበና ትንፋሽ ካጠረ ግን ከላይ የተጻፈው ነው።

በምግብ በኩል ለውዝ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ዓሣና ሰሊጥ የታወቁ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው የግብጦን ነገር ነው። በጎጃም በኩል የሚበቅለው ግብጦና ለውዝ የቅርብ ዘመዳሞች ስለ ሆኑ ለውዝ የማይስማማው ሰው ግብጦም ላይስማማው ይችላል። በአውሮጳ ኅብረት አገሮች ምግብ ውስጥ ግብጦ ካለ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ ሕግ ያስገድዳል። አብሽም ከዚሁ ወገን ነው። እንግዲህ ለውዝ የሚጠላው ጓደኛችሁ «አይስማማኝም» ሲል ቅንጦት ነው ብላችሁ በወጥ ውስጥ ደብቃችሁ አትፈትኑት፤ እንዲህ ያለ ቀልድ በዶርም ሲሠራ አይተናል። ሌላም እንግዳ ነገር አለ፤ አንዳንድ ሰው ስንዴ ሲበላ ምንም አይሆንም፤ ስንዴ በልቶ ወዲያው ኳስ ሲጫወት ወይም ሲሮጥ ግን ይታመማል። አልኮልም እንዲሁ የአለርጂን ኀይል ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢ ፔኒሲሊንን በሙሉ እንዳይፈራ እንሠጋለን፤ ፍርሃቱም ጉዳት አለውና። በአሜሪካ ከመቶ ሰው ወደ 10 የሚጠጋው «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ይላል፤ በባለሙያ ሲመረመሩ ግን ከ10ሩ 9ኙ ይስማማቸዋል። በአገራችን የልብ ሩማቲዝም ያለባቸው ብዙ ወጣቶች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት አለባቸው፤ አንድ ሰው ሞተ ሲባል ሌላው መርፌውን ይተዋል፤ ልቡም ይጎዳል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሕመምተኞች ላይ ከመርፌው በኋላ የደረሰው ሞት አንዳንዱ ከአለርጂ ሳይሆን ከልቡ ድካም የመጣ እንደሚመስል ገልጿል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያሳከከው ሁሉ ራሱን አለርጂ አለብኝ ብሎ ከመሰየሙ በፊት በሐኪም ይመርመር። እንደ ጓደኛችን በእርግጥ የታወቀበት ደግሞ የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ከመታወቂያው ጋር ይያዝ። የእርሱ ወረቀት «ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን አይሰጠኝ» ይላል፤ ባንድ በኩል በአማርኛ፣ በሌላው በእንግሊዝኛ።

የቀረን ስለ ክሊኒኩ ያለው ነገር ነው። ያን ሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ሕመሙን ገና ከበሩ ሲያዩት ዐውቀውታል። ነገር ግን አድሬናሊኑ ያለበት ሣጥን ተቈልፎ፣ ቁልፉ ቀን ከሚሠሩት ባልደረባቸው ጋር ሄዶ ነበር። በእጃቸው የነበረውን ሃይድሮኮርቲዞን ሰጥተው ቁልፍ እስኪመጣ ጓደኛችንን አጋድመው እግሩን ራሳቸው ይዘው ቆዩ። ቁልፉ በ12 ደቂቃ መጣ። ይህን በሰዓት ለክተነዋል፤ ከዚያች ሌሊት በሰዓት የለካነው እርሱን ብቻ ነው። ሲስተርን አንወቅስም፤ ቁልፉን ያልያዙት በእርሳቸው ጥፋት አይደለም። ሆኖም አምፑሉ ከጥቂት ብር የማይበልጥ፣ ሰርቆ የሚሸጠው ሌባም የሌለው መድኃኒት ስለ ሆነ፣ ከቁልፍ ውጪ በተረኛው ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሣጥን ከመርፌው ጋር እንዲቀመጥ፣ የአገልግሎት ዘመኑም በየወሩ እንዲታይ፣ በማኅበራችን በኩል በጽሑፍ አመልክተናል። የሚሰጠንን መልስ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ድረስ ግን የእያንዳንዱ ሕንፃ ተጠሪ ወደ ክሊኒኩ ሄዶ «የሌሊቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» ብሎ ቢጠይቅና የሰማውን በሕንፃው መግቢያ በር ላይ ቢለጥፍ መልካም ነው። የእኛ ሕንፃ ለጥፏል።